ወጨጫን በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ፦ የአንድ ጥያቄና የ43 መልሶች ታሪክ

ኢንተርኔት ላይ የጣልኳት ጥያቄዬ አጭር ነበረች። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ በመናገሻ ሱባ ደን በኩል ወጨጫ ተራራን ልንወጣ አስበናል። ዘጠኝ ነን። እናቴ አብራን ትሄዳለች፤ 61 ዓመቷ ነው። የእህቴ ልጅም አለ፤ ገና 9 ዓመቱ ነው። ከቨርጂኒያ የምትመጣው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአውሮፕላን ከወረደች ሁለት ቀኗ ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ጫፍ ላይ ምሳ በልተን፣ ሳይመሽ ቤት እንገባለን ብዬ ጻፍኩ። ያልታየኝ ነገር ካለ ንገሩኝ አልኩ።

ያልታየኝ ብዙ ነበር። በአራት ቀን ውስጥ 43 መልስ ተጻፈ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያቃታቸው ሰዎች ጠቅለል አድርጊልን አሉኝ። ስለዚህ በቁጥራቸው እየጠራሁ፣ በራሴ አነጋገር ልተርከው። ሁሉም ሰው በቅጽል ስም ነው የጻፈው፤ እሱንም ትቼዋለሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ 3 ሰዓት መነሳት ማለት ጉዞውን በግማሽ ቀን መጀመር መሆኑን አስረዳኝ። ጀሞን፣ ዓለም ገናን፣ ሰበታን አልፎ ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ጥርጊያ መንገድ ይመጣል። እሱ ላይ መኪና ይሳባል እንጂ አይሄድም። ደን በር ደርሶ፣ ከፍሎ፣ ጫማ ቀይሮ፣ የቀረውን ሰው ጠብቆ እርምጃ እስኪጀመር 5 ተኩል ይሆናል። 11 ተኩል ሌሊት ከቤት ውጡ የሚል ነበር ምክሩ።

2ኛው ይህን ሁሉ ማጋነን ነው ብሎ ተቃወመ። ኮረብታ ኮረብታ ነው፤ እሱ እንጦጦን ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ይመለሳል። ይህች መልስ ብዙ ሰው አናደደች። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ሐሳቤ ከእሱ ብዙም አይርቅም ነበር። ወጨጫን ከከተማው ሆነን በምዕራብ በኩል በየቀኑ እናየዋለን። ፀሐይ ሲጠልቅ ጥቁር ጀርባውን እናውቀዋለን። ለዓይን ቅርብ የሆነ ነገር ለእግርም ቅርብ ይመስላል።

3ኛው የመለሰው በቁጥር ነበር። የወጨጫ ጫፍ 3385 ሜትር ነው። እንጦጦ ላይ አስፋልቱ ራሱ 3000 ሜትር አካባቢ ያደርስሃል፤ የቀረው ሽርሽር ነው። ወጨጫ ላይ ግን ከታች እስከ ላይ በእግር ነው። የደኑ የታችኛው ክፍል ትልልቅ ጥድና ዝግባ አለው። ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታና አሜጃ የሚባሉ ቁጥቋጦዎች፣ ከዚያ ሣርና ድንጋይ ይመጣል። ሰውየው ዛፎቹን እንደ ኪሎ ሜትር ምልክት ይጠቀምባቸዋል። አስታው ውስጥ ከገባችሁ አብዛኛውን ዳገት ጨርሳችኋል ማለት ነው አለን።

4ኛው አንድ ትልቅ ስህተት አስቀረልኝ። መናገሻ የሚባል ተራራ ሌላ፣ መናገሻ ሱባ ደን ሌላ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። መናገሻ ተራራ በሆለታ መንገድ፣ በመናገሻ ከተማ አጠገብ ብቻውን የቆመው ነው። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችበት። ነገሥታት ይነግሡበት ነበር ስለሚባል ስሙን ያገኘውም ከዚያ ነው። ሱባ ደን ግን የወጨጫን ጎን የሸፈነው ነው። ስልክ ላይ መናገሻ ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ሌላ ተራራ ሥር ራሱን ያገኘዋል።

5ኛው ይህ የደረሰበት ሰው ሆኖ ተገኘ። 14 ሆነው ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው፣ ግማሾቹ ተኝተው፣ አምቦ መንገድ ላይ ነቁ። ያን ቀን ያልታሰበውን ተራራ ወጡ። ማርያምን ተሳልመው ተመለሱ። ቅር እንዳላለው ጻፈ፤ ግን ሰበታ በር ላይ ሲጠብቃቸው የዋለው ጓደኛቸው እስከ ዛሬ ያነሳባቸዋል።

6ኛዋ መልስ የክሩ አከርካሪ ናት ብል አላጋነንኩም። የጻፈችው ሴት የሰዓት ስሌት ሰጠችን። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ትይዛለህ። በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። በእኛ ጉዞ ላይ አሰላችው። መነሻችን 2500 ሜትር አካባቢ ቢሆን ወደ 900 ሜትር ከፍታ እንጨምራለን። መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለርቀቱ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለዳገቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ድምሩ ሦስት ሰዓት አለፍ ይላል። ይህ ግን ልምድ ላለው፣ ለማይቆም፣ ፎቶ ለማያነሳ ሰው ነው። ሕፃንና እናት ላለበት ቡድን ግማሹን ጨምሩ አለች። አራት ሰዓት ተኩል፤ ያውም ለመውጣት ብቻ። የመንገዱን ትክክለኛ ርቀት ግን በስልካችን ካርታ ራሳችን እንድንለካው አጥብቃ ነገረችን፤ 8 ያለችው ለምሳሌ ነው።

7ኛውና 8ኛው እዚህ ላይ ተያያዙ። 7ኛው የፈረንጅ ቀመር ለኛ ተራራ ምን ይሠራል የሚል ነበር። 8ኛው ዳገት ዜግነት የለውም አለው። ሁለት ሦስቴ ተመላልሰው ተዉት።

9ኛዋ ግን ልቤን ነካች። ስለ ሰዓት ብቻ መጠየቄ ገርሟት፣ ለምን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችኝ። ያልጻፍኩትን ያን ጊዜ ጻፍኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሌላ ኮረብታ ላይ፣ ያለ ምንም እቅድ ወጥተን ነበር። ጫፉ ቅርብ መሰለን። ትንሽ ትንሽ እያልን 10 ሰዓት ላይ ደረስን። ስንወርድ መሸ። ከስድስት ሰው አንድ ስልክ ብቻ ነበር የሚበራው። ወንድሜ በጨለማ ተንሸራቶ እጁ ተሰበረ። እሱን አስቀምጠን፣ ሁለቱ ሰው ሊጠሩ ሲወርዱ፣ እኔ አጠገቡ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ጅብ ይጮህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮረብታ ስመለከት መጀመሪያ የሚታየኝ ጫፉ አይደለም፤ መመለሻው ነው።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። 2ኛው እንኳን ተመልሶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። 10ኛው መልስ የጻፈው ሰው ምክር በጣም ቀላል ናት፤ እስከ ዛሬ ማንም እንደዚያ አላስረዳኝም። ቀኑን ከጫፉ ጀምሮ ሳይሆን ከማታው ጀምሮ ወደ ኋላ ቁጠሩት። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት እንዳለፈ ትጠልቃለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ጨለማው በአንዴ ነው የሚደፋው። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ መሆን አለባችሁ። ለመውረድ ሦስት ሰዓት ያዙ። ያ ማለት 7 ሰዓት ሲሆን፣ የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም፣ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ይህን ሰዓት ቤት ሆናችሁ ተስማሙበት። ዳገት ላይ ሆኖ መስማማት አይቻልም፤ እዚያ ሁሉም ሰው ትንሽ ብቻ ቀረን ነው የሚለው።

ያቺን የመጨረሻዋን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኛም ያን ቀን ያልነው ይህንኑ ነበር።

11ኛው ወደ ስንቅ ወሰደን። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ። 12ኛዋ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም እንደሚገባ አስታወሰችን። እናቴ ጿሚ ከሆነች እህል ውሃ ሳትቀምስ ዳገት እንዳትወጣ ፈራች። 13ኛው በጾም ቀን ጉዞ ማዘጋጀቱ ራሱ አልተዋጠለትም፤ ትንሽ ቆጣ ብሎ ነው የጻፈው። 14ኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለው ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ነገሩን በሁለት መስመር ዘጋው። ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜና እሑድ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል ውሃ መከልከል የለም። እናትሽ ጠዋት በሶዋን በጥብጣ ጠጥታ ትውጣ አለኝ። ለእናቴ ሳነብላት እሷም የምታውቀው ነገር ነውና ራሷን ነቀነቀች። ቅዳሜን የመረጥኩት ለሥራ ፈቃድ ብዬ ነበር፤ ለካ ለሌላም ይበጃል።

15ኛዋ ከቨርጂኒያ ነው የጻፈችው። እዚያ ያሉ አበሾች ኦልድ ራግ የሚባለውን ተራራ በደንብ ያውቁታል፤ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ኖቬምበር ለመውጣት ቀድሞ በኢንተርኔት የቀን ትኬት መቁረጥ ግዴታ ተደርጎ ነበር። ሰው ስለበዛበት ነው። የአክስቴ ልጅ እሱን ወጥታ ከሆነ ወጨጫ አያቅታትም የሚል እምነት ነበራት።

16ኛው እዚህ ላይ በትሕትና አረማት። የኦልድ ራግ ጫፍ 1000 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ አልጋዋ ላይ የተኛ ሰው ከዚያ በእጥፍ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ከ2500 ሜትር በላይ ሲወጣ ከፍታው ሊያመው ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። በጉልበት የሚሸነፍ ነገር አይደለም፤ ስፖርተኛም ይይዘዋል። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሁለት ቀን ስለማይበቃት ጉዞውን በሳምንት ብታራዝሙት አለ። ቀኑን አራዘምነው። ይህን ባላነበው ኖሮ የአክስቴን ልጅ ከነጄት ላጓ ዳገት ላይ ልጎትታት ነበር።

ከ17 እስከ 21 ያለው ስለ ጫማ ነው። ነገሩ የከረረውም እዚህ ነው። 17ኛው ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡትስ ካልሆነ አትሂዱ አለ። 18ኛው ይህ የሀብታም ወሬ ነው ብሎ ተነሳ። አያቶቻችን በባዶ እግር አገር አቋርጠዋል፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። 19ኛው ቱግ አለ። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. የሮጠው በተጠረገ የከተማ መንገድ ላይ ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው፤ አንተ የማታውቀውን አታውራ አለው። 20ኛዋ ለ19ኛው ተግሣጽ ሰጠችው። የ18ኛውን አጻጻፍ አይታ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ገምታለች፤ አንተ መባላቸው ከነከናት። ልክ ነበረች። 58 ዓመታቸው እንደሆነ ራሳቸው ጻፉ። 19ኛው ወዲያው ወደ እርስዎ ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ። እሳቸውም በበኩላቸው ልጅ ሆነው እንቅፋት የነቀለው ጥፍራቸው እስከ ዛሬ እንዳልተስተካከለ ነግረውን፣ ጫማ አድርጉ ብለው ጨረሱት። 21ኛው ለሁላችንም የሚሆን ነገር ተናገረ። ጫማው አዲስ እንዳይሆን፤ አንድ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ተራመዱበት። የሚሰነክለው ዳገቱ ሳይሆን የጫማው ንክሻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጠብ ግን የጫማውን አስረሳ። 22ኛዋ በደስታ ነበር የጻፈችው። ረከቦት፣ ጀበና፣ ትንሽ ከሰል ይዛችሁ ውጡ፤ ጫፍ ላይ ቡና ማፍላትን የሚያህል ነገር የለም አለች። እኔ ራሴ ልቤ ሄዶ ነበር። እናቴን፣ ጀበናውን፣ ከታች የተዘረጋውን አገር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት።

23ኛው በጣም ተቆጣ። ቃላቱ ከባድ ነበሩ፤ አልደግማቸውም። ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ይህ የተጠበቀ ደን ነው። ከጥቅምት በኋላ ሣሩ ይደርቃል። ጫፉ ላይ ነፋስ አለ። አስታ ደግሞ እርጥቡም ይነዳል። አንድ ፍም ቢዘል የሚያጠፋው ሰውም ውሃም እዚያ የለም። 24ኛው ከሰል በምድጃ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ ለ22ኛዋ ሊያግዝ ሞከረ።

25ኛው ሲገባ ሁሉም ዝም አለ። በ1992 ዓ.ም. ባሌ ሲቃጠል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በፈቃደኝነት ከሄዱት ተማሪዎች አንዱ ነው። እሳቱን የተዋጉት በቅጠልና በአፈር ነበር። ቀን ያጠፉት ሌሊት ከሥር ተነስቶ ይጠብቃቸዋል፤ ሥሩ እየነደደ ምድር ለምድር ይሄዳልና። ጫማው ቀልጦ እግሩ ላይ እንደተጣበቀ ጻፈ። እጁ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። የሚነድ ዛፍ ድምፅ እስከ ዛሬ በሕልሙ ይሰማዋል። ማንንም አልሰደበም። እሱ ስላልተሳደበ ይመስለኛል ሁሉም የሰማው። ቀጥሎ አንድ እስራኤል የሚኖር ሰው፣ 26ኛው፣ በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተልከው እንደነበር አስታወሰ። እዚያ ያሉ ቤተሰቦቹ ጎንደር ስለተወለዱ ዜናውን ሌሊቱን ሙሉ ይከታተሉ ነበር።

22ኛዋ ተመልሳ መጣች። ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይወጣል አለች። እኔም ሐሳቤን ለወጥኩ። እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። የሱባን ደን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ነገሩን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይጀምራሉ። ንጉሡ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል። ተራራው ተራቁቶ ቢያገኙት ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ደኑ ጠባቂ ያለው ከያኔ ጀምሮ ነው ይላሉ። ከ550 ዓመት በላይ ሲጠበቅ የኖረን ነገር በአንድ ስኒ ቡና አደጋ ላይ መጣል አልችልም። እንዲህ ስል እየሰበክሁ አይደለም፤ እውነት ከልቤ አዝኜ ነው።

ከ27 እስከ 30 ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ሰው ቀይ አበባው የሚንዠረገግ፣ ልጡ የሚላላጥ ዛፍ ፎቶ ለጥፎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ኮሶ ነው። ከዚያማ ሁሉም የልጅነቱን ኮሶ አወጣ። የአንዷ አያት ተወቅጦ የተበጠበጠውን አስይዘው በሩን ይዘጉባት ነበር። ሌላው አፍንጫውን ይዞ ጠጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ምራቁን እየተፋ እንዴት እንደዋለ ተረከ። 30ኛው የጤና ባለሙያ ነው፤ ኮሶ መጠኑ ሲበዛ መርዝ ስለሚሆን ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው አስጠነቀቀና ወደ ርእሱ ተመለሱ አለ። ከርእስ መውጣቱ እኔን አልከፋኝም። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆኖ ሲሰማ ነበር። አሁን ተራራውን ትቶ የኮሶ ዛፍ ማየት ነው የሚፈልገው። ጉሬዛም እንዳለ ነግሬዋለሁ፤ ነጭ ጭራውን እያወዛወዘ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

31ኛው መልስ ከሁሉም ረጅሙ ነበር። የጻፈው ሰው ከደኑ ጥግ ካለ ቀበሌ ነው የተወለደው። አሁን ሰበታ ይኖራል። ብዙ ቆይቶ ሲያነበን እንደነበር፣ የከተማ ሰው ስለ ተራራው እንጂ ተራራው ሥር ስላለው ሰው አንድም ቃል እንዳልተናገረ ጠቆመ። ቅሬታው ብዙ ነው። ስፒከር ከፍተው የሚወጡ አሉ። ሃይላንዳቸውን ጥለው የሚሄዱ አሉ። ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድን ሴት ሳያስፈቅዱ ፎቶ የሚያነሱ አሉ። እሷ ያን ሸክም የተሸከመችው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ለጉሬዛ ዳቦ የሚወረውሩም አሉ፤ ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ዳቦው ሆዱን ያበላሸዋል። ዝንጀሮ ደግሞ አንዴ ከሰው እጅ ከለመደ ሌላ ጊዜ ቦርሳ ይነጥቃል። መጀመሪያ ሰላም በሉ አለን። አካም ጂርቱ ማለት ለማንም አይከብድም።

አፈርኩ። ጥያቄዬ ውስጥ ሰዓት፣ ጫማ፣ ምሳ ነበር። ሰው አልነበረም።

32ኛው ይህን እንደ ወቀሳ ወስዶ መለሰ። አንድ ሌላ ቦታ ሄዶ በር ላይ ከፍሎ፣ ትንሽ እንደሄደ ሌሎች ሰዎች አስቁመው በድጋሚ አስከፍለውታል። የቦታውን ስም ባይጠራም ነገሩ እንዳቃጠለው ያስታውቃል። አስጎብኚ ምን ይሠራልኛል፣ ስልኬ ላይ ካርታ አለኝ አለ። 33ኛዋ በር ላይ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የአስጎብኚውን ሂሳብም ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ ብላ አበረደችው። 34ኛው፣ ያው የሰበታው ሰው ነው፣ በዚህ ጊዜ በእርጋታ መለሰ። ደኑ ውስጥ የምታዩት መንገድ ሁሉ ወደ ጫፍ የሚሄድ አይደለም። አንዱ የከብት ነው። አንዱ የእንጨት ለቃሚ ነው፤ መሐል ላይ ድንገት ያልቃል። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ይህን አይለይም። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ዘጠኝ ሰው በአምስት አቅጣጫ ይበተናል። የአካባቢው ልጅ ግን መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ አስጎብኚ መያዙ ላይ ጥርጣሬ አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት መልሶች አጫጭር ናቸው። 35ኛው ፊሽካ ለልጁ አንገት ላይ እንድናስርለት መከረ፤ ቢጠፋ ባለበት ቆሞ ይንፋ። 36ኛዋ ለየሰው አንድ ባትሪ አለች፤ የስልክ መብራትን ባትሪ ብላችሁ አትቁጠሩ። 37ኛው በየ1000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ እንደሚቀዘቅዝ አስልቶ፣ ታች ላብ ያጠመቀው ሰው ጫፍ ላይ ነፋስ ሲመታው እንደሚንቀጠቀጥ አስጠነቀቀ። ጃኬት ያልያዘ ጋቢ ይያዝ። 38ኛው ሳማ ስላለ አጭር ሱሪ አታድርጉ አለ። 39ኛው በትንሽ የቤት መኪና ሊሄድ ላሰበ ሁሉ፣ ከሰበታ በኋላ ያለው መንገድ የመኪናዋን ሆድ እንደሚፍቅ ተናገረ። 40ኛው ከሁሉም በፊት መደረግ ያለበትን አነሳ። ሐሙስና ዓርብ ሰበታ ደውሉ። የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ጸጥታ እዚያ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። አይሆንም ከተባላችሁ ቅሩ። ተራራው የትም አይሄድም።

41ኛዋ አንድ ጥያቄ ጣለች። ከዘጠኙ አንዱ 7 ሰዓት ሳይሞላ ቢደክምስ? ብቻውን ይመለሳል? መልስ አልነበረኝም። በ42ኛው ላይ እቅዳችንን ጻፍኩ። 11 ተኩል ሌሊት ከቤት። 2 ሰዓት ላይ እርምጃ። 7 ሰዓት መመለሻ፣ የትም ብንሆን። 10 ሰዓት መኪናው ጋ። ሁለት የአካባቢው አስጎብኚዎች፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከደከመው ጋር። ቡናው በፔርሙዝ። እናቴን በተመለከተ ግን ገና አልወሰንንም ብዬ ተውኩት።

43ኛውን የጻፍኩት በራሴ ስልክ ነው፤ ቃሉ ግን የእናቴ ነው። መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም ካነበበች በኋላ ጻፊ አለችኝ። ምክር ለሰጧት ልጆች ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ጀመረች። እሷ ጫፍ አትወጣም። ታች፣ ጥዶቹ ሥር፣ ከልጅ ልጇ ጋር ትቀራለች። ኮሶውንም ጉሬዛውንም ታሳየዋለች። ለጭራሮ ተሸካሚዎቹ የሚሆን ዳቦ ጋግራ ትይዛለች። ፔርሙዙም እሷ ጋ ይቆያል፤ ሳይመለስ የቀረ ቡናውን አያገኝም። 10 ሰዓት ላይ ዘጠኛችሁንም ቆጥሬ ነው መኪና ውስጥ የምገባው ብላ ጨረሰች። ራሷንም ጭምር መቁጠሯ ነው።